ኮምፒዩተር ላይ የተጠመዱ በሬዎች

በስብሰባው ላይ እጄን ያነሳሁት ሻይ የምታድለውን ልጅ ለመጥራት ነበር። ሰብሳቢው "እናመሰግናለን፣ በጎ ፈቃደኛ ተገኘ" አሉና ስሜን ጻፉ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል "ኧረ እኔ ሻይ ነው የፈለግሁት" ለማለት የሚያስችል ወኔ የለኝም። ሻዩም ሳይመጣልኝ ቀረ። ወደ ጎጃም የሄድኩት እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነው።

ማኅበራችን ትንሽ ነው። ከየመሥሪያ ቤቱ የወጡ አሮጌ ላፕቶፖችን ሰብስቦ፣ ጠጋግኖ፣ ለሚያስፈልጋቸው ይሰጣል። ቡሬ ከተማ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ እናት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ጎልማሶች የመዋያ ክፍል ከፍተው ስለነበር ሦስት ላፕቶፕ ተመደበላቸው። የእኔ ድርሻ አንድ ሳምንት እዚያ ተቀምጬ ኮምፒዩተርን እንዴት እንደሚያዝዙት፣ ማለትም ፕሮግራም መሥራትን፣ ማስተማር ነው። ዓርብ ዕለት ተቆጣጣሪያችን አቶ ግርማ መጥተው ያያሉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሠሩት ነገር ሲንቀሳቀስ ካዩ ላፕቶፖቹ ቡሬ ይቀራሉ፤ ካላዩ በመጡበት መኪና ጭነው ለሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ይወስዷቸዋል። አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሲሥቁ ያየ ሰው የለም።

እኔ በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ያኔ አዲስ አበባ ባቡሩ ሊጀምር ነው እየተባለ መንገዱ ሁሉ የሚቆፈርበት ጊዜ ስለነበር፣ ከቤቴ ኮሌጁ መድረስ ራሱ የክፍለ ሀገር ጉዞ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ጉዞዬ ደብረ ዘይት ድረስ ነው፤ እሱም ለሠርግ።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳን። ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ ጥሩ ሰው ነበርኩ። አባይ በረሃ ቁልቁል ስንገባ ግን ሆዴ ከእኔ ተለይቶ የራሱን ጉዞ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምንም ሳልናገር ከመቀነታቸው ሎሚ ፈትተው አፍንጫዬ ላይ ለጠፉልኝ። ድልድዩን ልየው ብዬ ለወራት ስመኝ ኖሬ፣ አባይን የተሻገርኩት ዓይኔን ጨፍኜ ሎሚ እያሸተትኩ ነው። ስለ አባይ ሸለቆ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ስለ ሎሚ ልነግረው እችላለሁ።

ደጀን ላይ ሻይ ጠጣሁ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላሁ፣ ደምበጫ ላይ ደግሞ ተዘረፍኩ። መዘረፍ እንኳ አይባልም። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ልጅ አየሁና ጠራኋት፤ የእኔ መስኮት ግን አይከፈትም። ድንቹ በሾፌሩ በር ገባና ከተሳፋሪ እጅ ወደ ተሳፋሪ እጅ እየተላለፈ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ያለፈበት ሁሉ "እስቲ በስሎ እንደሆነ" እያለ ይቀምሳል። እኔ ዘንድ የደረሰው ወረቀቱና ሚጥሚጣው ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ከሰው ጋር እጣላ ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ዞር ብሎ ድንቹ ጥሩ እንደሆነ፣ ደምበጫ በድንች እንደማትታማ ነገረኝ፤ አንዱም የቀማኝ አልመሰለው። ሎሚ የሰጡኝ ሴትዮ ከስንቃቸው ዳቦ ቆርሰው አካፈሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ መሽቶ ነበር። የያዝኩት ሆቴል ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ። ይህን ያወቅሁት አንድ ሰውዬ በሬን ከፍቶ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ሲያየኝ "ይቅርታ፣ እህቴ፣ የኔው ክፍል መስሎኝ" ብሎ ሲወጣ፣ ከዚያም እኔ ራሴ ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ የእሱን ክፍል ከፍቼ ስገባ ነው። ተካክሰናል ማለት ነው፤ ደህና እደሪ ተባብለን ተለያየን።

እሑድ

ላፕቶፖቹ ቀድመውኝ በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ደርሰው አንድ መጋዘን ተቀምጠዋል። ስሄድ ሰኔ ነውና ዝናቡ ወረደ። ሁለቱን ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኳቸው፤ ሦስተኛው አልገባ አለ። የሆቴሉ ባለቤት ጋቢያቸውን አውልቀው "በዚህ ጠቅልይው፤ ስትመለሽ ታመጭልኛለሽ" አሉኝ። አዲስ አበባ የሆቴል ባለቤት ፎጣ ስትወጪ ቆጥሮ ነው የሚረከብሽ።

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ዋናው መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ስለገባ በፈረስ ጋሪ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ጋሪው ላይ ሁለት ሴቶች አሉ። እኔ በጋቢ የተጠቀለለውን ላፕቶፕ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ጋሪው በዘለለ ቁጥር "ቀስ፣ ቀስ" እያልኩ ባለጋሪውን እለምናለሁ። ሴቶቹ ባለጋሪውን ተቆጡልኝ። አንደኛዋ ጠጋ አለችና ፊቱን ግለጭለት፣ ይታፈናል አለችኝ። ሳልረዳ "ባይገለጥ ይሻላል፣ ውሃ ከገባበት አለቀለት" አልኳት። ዕድሜውን ጠየቀችኝ። እኔ ስለ ላፕቶፑ የጠየቀችኝ መስሎኝ አምስት ዓመት አልፎታል አልኩ። ሁለቱም ጋቢውን አዩ፤ ትንሽ ነው። "እና ገና ይታዘላል?" አለች ሁለተኛዋ በሐዘን። ባትሪው ደክሟል ብዬ ጋቢውን ብገልጠው ኖሮ ያ ሁሉ ባልተፈጠረ፤ እኔ ግን ያልኩት "ደክሞታል፤ ብቻውን አይቆምም፣ ሁልጊዜ መሰካት አለበት" ነው። መናኸሪያው ስንደርስ ተሸክመው አወረዱኝ፤ እግዜር ያጽናሽ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ነገሩ የገባኝ ቡሬ ልደርስ ስል መኪና ውስጥ ነው፤ ብቻዬን ስሥቅ ያዩ ተሳፋሪዎች ትንሽ ራቅ አሉኝ።

ወይዘሮ የሺ መናኸሪያ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ትእዛዛቸው የማይመለስ ሴት ናቸው። የራሳቸውን አልጋ ለቀው መደብ ላይ እንደሚተኙ ነገሩኝ፤ ብከራከርም አልሰሙኝም። የሰኔ ጾም ነበርና ሽሮና የድንች አልጫ ቀረበ። አዲስ አበባ "ጠገብኩ" ስትዪ ሳህኑ ይነሳል። ቡሬ ውስጥ "ጠገብኩ" ማለት እንግዳዋ አፍራለች ማለት ስለሆነ የበለጠ ይጨመራል። በሦስተኛው ጭማሪ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል ደግሞ "ወደደችው" ተብሎ ተጨመረ።

ሰኞ

የመዋያው ክፍል ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይደክማል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ኪቦርዱ ላይ ዱቄት ይወርዳል። ዱቄቱን በየሰዓቱ በዶሮ ላባ የሚጠርጉልኝ ጥበቃው አያ ቢተው ናቸው።

ተማሪዎቼ ሦስት ናቸው። ጥሩዬ የወይዘሮ የሺ ልጅ ነች፤ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ፊደል ትለያለች፤ በአንድ ጣቷ ትጽፋለች፤ የማትስማማበትን ነገር ሲነግሯት የነገራትን ሰው ዕቃ ኪሷ ከትታ ዝም ትላለች። ሁለተኛው፣ ስሙ እንግዳው የሚባለው፣ ትንሽ ሰውዬ ነው፤ ማጥፊያ ቁልፍ ይወዳል። አዳሙ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር የሚመጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ጎልማሳ ነው፤ ቤተሰቡ አገው ናቸው፣ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል፤ በሁለቱም ብዙ አይናገርም። ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ በሩ እስኪከፈት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ብቻ እንደሚያደርግ ለማሳየት "እኔ ኮምፒዩተር ነኝ፣ እናንተ እዘዙኝ" አልኳቸው። ጥሩዬ "ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። "ቁሚ" የሚል ስላልነበረ ግድግዳው አቆመኝ። በጣም ወደዱት። ግቢው ወጣን፤ እንግዳው ኩሬ ውስጥ አስገባኝ። አዳሙ ግን ተራው ሲደርስ አላዝም አለ። ኋላ ላይ ወይዘሮ የሺ ጠጋ ብለው ጠየቁትና ሥቃቸውን አፍነው ነገሩኝ፦ አንድ በሬ ብቻውን አይታረስበትም ነው የሚለው። ኮምፒዩተር ነኝ ብዬ ብምልም ፍንክች አላለም። በመጨረሻ አያ ቢተው ካፖርታቸውን አውልቀው ጎኔ ቆሙ። አንድ ረጅም እንጨት አንገታችን ላይ አጋደመብን። ጠዋት "እንዴት አደሩ፣ መምህርት" ብሎ ጎንበስ ያለልኝ ሰው፣ አሁን ከኋላዬ ሆኖ በቀጭን ልምጭ ትከሻዬን ነካ እያደረገ ግቢውን ያሳርሰኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ አያ ቢተው ጎበዝ በሬ ነበሩ። ሲጨርስ ቀንበሩን አወረደና ከጫማዬ ላይ ጭቃውን በእጁ ጠረገልኝ፤ "ደከሙ፣ መምህርት" አለኝ።

ማክሰኞ

ይዤው የሄድኩት ፕሮግራም ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ካርዶች በማውስ እየጎተቱ የሚገጣጥሙበት ነው። ካርዱን ስትገጥሚ ስክሪኑ ላይ ያለው ስዕል ይንቀሳቀሳል። ቃላቱን በአማርኛ አድርጌ፣ ለማያነቡት ከጎኑ ስዕል ጨምሬበት ነበር። የሚንቀሳቀሰው ግን ኤሊ ነው። አዳሙ ኤሊዋን አይቶ ፊቱን አዞረ። ስለዚህ በሬ ሣልኩ። ሁለተኛውን ጠበቀ። ሁለተኛውን ሣልኩ። ቀንበር ጠየቀ። ቀንበር ሣልኩ። ከዚያ ጥሩዬ አንዱን ዳልቻ፣ ሌላውን ቦራ ብላ ስም አወጣችላቸውና ሥራ ተጀመረ። በሬዎቹ በሄዱበት ሁሉ ቡኒ ትልም ይቀራል።

የአዲስ አበባ ተማሪዎቼን "ገባችሁ?" ስላቸው በአንድ ድምፅ "አዎ" ይሉኛል፤ አንዳቸውም አይገባቸውም። ጥሩዬን "ገባሽ?" አልኳት። "አልገባኝም፤ ገና ስንት ጊዜ ትጠይቂያለሽ?" አለችኝ። አምስት ዓይነት አስረድቼ ስድስተኛው ላይ ገባት። ሲገባት ደግሞ ለእንግዳው፣ ለአያ ቢተው፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ ስትነግር ዋለች። እንግዳው በዚህ መሃል ሦስቱንም ኮምፒዩተር ሁለት ሁለት ጊዜ አጠፋቸው።

የአዳሙ በሬዎች ቀጥ ብለው ሄደው ከስክሪኑ ወጡ። አዳሙ ደንግጦ ተነሳ፤ ላቡ መጣ፤ ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። ያን ቀን አልተመለሰም።

ማታ ድንች እየላጥን ወይዘሮ የሺ ምክንያቱን ነገሩኝ። አዳሙ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አባቱ እርፍ አስይዘውት "ቀጥ አድርገህ እረስ" ብለውት ለጉዳይ ይሄዳሉ። ቀጥ አድርጎ አረሰ። የእነሱ ማሳ አለቀ፤ ተመለስ ያለው የለም። የጎረቤቱን ማሳ ገባ፣ የበቀለውን በቆሎ ገለበጠ፣ ያንንም ጨርሶ መንገዱን ሊያርስ ሲል ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ እርፍ የሚያስነካው የለም። ወንድሞቹ ሲያርሱ እሱ ከብት ይጠብቃል፤ ጧት ጧት ወደዚህ ክፍል ይመጣል። "ይኸ ኮምፒዩተራችሁ ከሄደ" አሉኝ ወይዘሮ የሺ፣ "እሱም መምጣቱን ይተዋል። ሌላውስ እሽ፣ የሱ ግን እንዲያው አንጀቴን ይበላኛል።"

እኔ የማስበው ስለ አዳሙ አባት ነበር። ልጃቸው የታዘዘውን ያለ ስህተት ፈጸመ፤ መቆሚያውን ያልነገሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም እኔም ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ያን ምሽት ከላጥኩት ድንች ይልቅ የቆረጥኩት ጣቴ ይበዛል።

ረቡዕ

አዳሙ በማለዳው ደጃፉ ላይ ነበር። ተቀምጠን ስክሪኑ ላይ የማሳውን ዳር ዳር በቅንጭብ አጥር ስዕል አጠርነው፤ "አጥር ስትነኩ ዙሩ" የሚል ካርድም ሰጠሁት። ገጠመው። በሬዎቹ ሄደው ሄደው አጥሩን ሲነኩ ዞሩ። አዳሙ እንደገና አስኬዳቸው። ዞሩ። እስከ ምሳ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም፤ ወደ ምሳ ሲሄድ ብቻውን ፈገግ እያለ ነበር።

ከሰዓት በኋላ "ከሆነ" የሚለውን ካርድ ላስተምር ተነሳሁ። አፉን የከፈተ ካርድ ነው፤ አንድ ነገር ከሆነ ሌላው እንዲደረግ ሌሎች ካርዶችን ውስጡ ታስገቢያለሽ። "ዝናብ ከዘነበ ጃንጥላ እይዛለሁ" አልኩ። ጥሩዬ ጃንጥላ እንደሌላት ነገረችኝ። "ከራበኝ እበላለሁ" አልኩ። እንግዳው ባይርበውም እንደሚበላ ነገረኝ፤ በወይዘሮ የሺ ቤት እኔም ሳይርበኝ ስበላ ስለሰነበትኩ ልከራከረው አልቻልኩም። ካርዱ ሌላ ካርድ ሲውጥ ስላዩት "ሆዳሙ" ብለው ስም አወጡለትና ተዉት። ሆዳሙን ያለ ሥራ ጥግ ላይ አስቀምጠነው ትምህርቱ ተበተነ።

ሐሙስ

ልምምድ አደረግን። አዳሙ ካርዶቹን ብቻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጠመ፤ በሬዎቹ ማሳውን በሙሉ አረሱ። ከወረዳው የመጡ የግብርና ባለሙያ በመስኮት አይተው ገቡና ትልሙን በትኩረት መረመሩ። በመስመር የሚዘራ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ተማሪዎቹስ አንድ ለአምስት ተደራጅተዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ናቸው አልኩ። ሁለቱን በሬዎች ጨምሮ አምስት ይሞላል ብለው ጽፈው ሄዱ፤ የቀለዱ ይሁን የምራቸውን እስካሁን አላውቅም።

አዳሙ አባቱን ዓርብ ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ጠዋት ቢሆን ይመቻቸው እንደሆን ወይዘሮ የሺን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እንዲያውም እንግዳ በዚያ ቀን ሲመጣ ደስ ይላል አሉኝ። ያ ቀን ምን ቀን እንደሆነ መጠየቅ የኔ ፋንታ ነበር። አልጠየቅኩም። እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ሰኔ ሚካኤል ነበር። አዲስ አበባ በሥራ ቀን ሚካኤል ሲውል የምናውቀው በታክሲ ወረፋው ነው፤ ከዚያ ቢሮ እንገባለን። ቡሬ ላይ ተማሪዎቼ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። የአዳሙ አባት አቶ ዘለቀ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ቆሙ። አቶ ግርማ መኪናቸውን ደጃፍ አቁመው፣ የኋላውን በር ክፍት ትተው ገቡ። ያ ክፍት በር ልቤን ወጋው።

"አዳሙ፣ ጀምር" አልኩ።

"ዛሬ ሚካኤል ነው" አለ አዳሙ።

"አዎ፣ እንኳን አደረሰህ። በሬዎቹን አስነሳቸው።"

"አይታረስም።"

ስዕል ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ማንም የሚደክም፣ መሬትም የሚነካ እንደሌለ ነገርኩት። አዳሙ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየኝ።

"እነሱ ስዕል መሆናቸውን ያውቃሉ?" አለኝ።

ጥሩዬን በዓይኔ ለመንኳት፤ እሷ ማውሱን ነቅላ ኪሷ ከተተችው። እንግዳው በደስታ ኮምፒዩተሩን አጠፋው። ወይዘሮ የሺ "እኔ ዝክሩን ይበላሉ ብዬ እንጅ ይታረሳል መች አልሁ" አሉ በሹክሹክታ። አቶ ግርማ እንደቆሙ ሰዓታቸውን አዩ። ልጆቹ ጥሩ እንደሆኑ፣ ጊዜው አጭር እንደነበር፣ ማንም እንደማይወቀስ በለሰለሰ ድምፅ ነገሩኝና አያ ቢተውን ላፕቶፖቹን እንዲያወጡ ጠየቁ። አያ ቢተው የዶሮ ላባቸውን ይዘው አልሰማሁም ብለው ቆሙ። የአዳሙ አባት መሬት መሬት ያያሉ። በእውነት ልቅሶዬ መጣ።

"አዳሙ" አልኩ፣ "ነገስ?"

"ነገማ አሥራ ሦስት ነው። አርሳለሁ።"

"ዛሬስ በሬዎቹ ምን ያደርጋሉ?"

"ይተኛሉ።"

"ቀኑን በምን ያውቃሉ? ማን ይነግራቸዋል?"

ወፍጮው እንኳ ለበዓሉ ቆሟል። ከዚያ ጥሩዬ ማውሱን ከኪሷ አወጣች። "ሆዳሙ ይንገራቸው" አለች።

የሆነውን አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ኮምፒዩተሩ በርቶ እስኪነሳ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ እንግዳውን ወይዘሮ የሺ እጁን ይዘውታል። ጥሩዬ ሆዳሙን ከጥጉ ጎትታ አመጣችው። አዳሙ በጣቱ እያሳየ፣ እሷ እየጎተተች፦ ቀኑ አሥራ ሁለት ከሆነ ተኙ፤ ካልሆነ እረሱ። አዳሙ ትንሽ አመነታ፤ መተኛት ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አሰበበት። አለመሆኑን አባቱ ከጥግ አረጋገጡለት። ቀኑን አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈና ቁልፉን ነካ። ዳልቻና ቦራ ጎናቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

አቶ ግርማ አሁንም አልተቀመጡም። ጥሩዬ ቀና ብላ አየቻቸውና በአንድ ጣቷ ከበሬዎቹ በላይ ቀስ እያለች ጻፈች፦ "ዛሬ አይታረስም። ቁጭ በሉ።" አቶ ግርማ አነበቡ። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

"እሽ፣ ነገ እንደሚያርሱ በምን አውቃለሁ? አሥራ ሦስት ብለህ አሳየኝ" አሉት።

አዳሙ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። "ዛሬ አሥራ ሦስት አይዶለም። በሚካኤል ቀን ልዋሽ?" አለ። ትንሽ አሰበና ላፕቶፑን ወደ አቶ ግርማ ገፋ አደረገው። "ውሸቱን እርስዎ ይጻፉት።"

አቶ ግርማ ግራና ቀኝ አይተው አሥራ ሦስት ብለው ጻፉ። በሬዎቹ ተነሱ። አንድ ትልም ሄዱ፣ ቅንጭቡን ሲነኩ ዞሩ፤ ተመለሱ፣ ነኩ፣ ዞሩ። አቶ ዘለቀ ከጥጋቸው አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ቀረቡ። በሬዎቹን ሳይሆን አጥሩን ነበር የሚያዩት። ማሳው አልቆ በሬዎቹ ሲቆሙ አጥሩን እያሳዩ አዳሙን በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። "ሚካኤልን ብቻ ነው የሚያከብሩ? ማርያምስ?" አሉ። ማርያም ገባች። ገብርኤል ገባ። ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ሥላሴ፣ አቦ፣ ባለወልድ፤ ወይዘሮ የሺ ኪዳነ ምሕረትን፣ አያ ቢተው ደግሞ ሌላ ማንም ያላስታወሰውን የደብራቸውን ታቦት አስገቡ። ሆዳሙ ሆዱ እስኪነፋ በላ። አቶ ግርማ ዝርዝሩን አይተው "ታዲያ መቼ ነው የሚያርሱት?" አሉ።

"በቀረው" አሉ አቶ ዘለቀ።

አቶ ግርማ ያን ጊዜ ሣቁ። መጀመሪያ ያሳላቸው መስሎኝ ውሃ ልሰጣቸው ነበር። ላፕቶፖቹ እንደሚቀሩ የነገሩን ዝክሩ ላይ፣ በወይዘሮ የሺ እጅ አራተኛ ጊዜ ከተጨመረላቸው በኋላ ነው፤ ወጥተውም የመኪናውን የኋላ በር ዘጉት። አቶ ዘለቀ ሲሄዱ ልጃቸውን ትከሻውን ይዘው "ነገ አሥራ ሦስት ነው" አሉት።

የፕሮግራሙን ቅጂ ወደ አዲስ አበባ ይዤ ተመልሻለሁ። ባለፈው ገብርኤል ለኮሌጁ ባልደረቦቼ ላሳይ ከፍቼ ቀኑን ጻፍኩ፤ በሬዎቹ ተኙ። ተበላሽቷል አሉኝ። አንዱ "ሌላ ቀን ጻፊበት" አለኝ። ውሸቱን አንተ ጻፈው ብዬ ኪቦርዱን ሰጠሁት፤ እሱም ምን እንደነካው እንጃ፣ አልጻፈም። የማርመው የፈተና ወረቀት ተከምሮ ነበር። ስክሪኑ ቁጭ በሉ ስላለ ሁላችንም ቁጭ ብለን ሻይ አዘዝን።

ቅዳሜ

በሚካኤል ማግስት ወይዘሮ የሺ ለመንገድ ድንች ቀቅለው፣ ሚጥሚጣውን ለብቻ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ለማንም እንዳላሳይ አስጠነቀቁኝ። አዳሙ ደጃፉ ላይ አልነበረም። ሳልሰናበተው መሄዴ ከፍቶኝ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ፤ የሆቴሉን ባለቤት ጋቢ ታጥቦ እቅፌ ውስጥ ይዣለሁ።

ከቡሬ ትንሽ እንደወጣን ሾፌሩ ሁለት ፍየል ጣሪያ ላይ ሊያስጭን ቆመ። ፍየሎቹ አልወጣም ብለው መከራ ሲያሳዩት በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከመንገዱ በታች ቅንጭብ የከበበው ማሳ አለ። አቶ ዘለቀ ማሳው ዳር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እርፉን የያዘው ያ በር የሚሞላ ትከሻ ነው።

መስኮቱን ልከፍት ታገልኩ፤ በዚህኛውም መኪና የእኔ መስኮት አይከፈትም። አጠገቤ ያሉትን ሁሉ "እዩት፣ እዩት" አልኳቸው፤ የሚታረስ መሬት ዓይታ የማታውቅ የከተማ ሴት መስያቸው በትዕግሥት አዩልኝ። በሬዎቹ ወደ አጥሩ ቀረቡ። አቶ ዘለቀ ምርኩዛቸውን አነሱ፤ ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። ከመጮኻቸው በፊት በሬዎቹ ዞሩ። ምርኩዙን መልሰው መሬት አስነኩት።

መስኮቱን በጡጫ ደበደብኩት። አዳሙ እጁን አላውለበለበልኝም፤ ሥራ ላይ ነበር።